መቁረጫው ያለው የት ነው?

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሳሪስ አስቤዛ ገዝቼ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ወደ ቤታችን ወደ ለቡ እየተመለስኩ ነበር። መኪናው የልጄ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እነዳዋለሁ። መንገዱ ተጨናንቆ አምስት ሜትር ሄዶ መቆም፣ እንደገና አምስት ሜትር ሄዶ መቆም ሆኗል። ልጅቷ ከመዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን መዝሙር ስትደጋግም ቆይታ ድንገት ዝም አለች። ልጅ ያሳደገ ሰው እንዲህ ያለው ዝምታ ያስደነግጠዋል።

ከዝምታው ቀጥሎ “ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በመስታወት ወደ ኋላ ተመለከትኩ። የራሷ ቀበቶ እንደታሰረ ነው። ከአጠገቧ ያለውን፣ ሰው ያልተቀመጠበትን የመሐል ወንበር ቀበቶ ግን እስከ መጨረሻው ስባ አውጥታ እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማዋለች።

“እማማ፣ አልወጣም አለኝ” አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ ወደ ቀኝ ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ ወረድኩ። ቀበቶውን ብስበው ንቅንቅ አይልም። እሷ በፈራገጠች ቁጥር አንድ ጊዜ “ቀጭ” ይልና ይጠብቃል። የራሷን ቀበቶ ፈትቼ ጭንቅላቷን ቀበቶው ወደሚወጣበት ቀዳዳ አስጠጋሁት፤ በዚህ ላላ ያለ ትርፍ አገኛለሁ ብዬ ነው። ያገኘኋትን ትርፍ ወዲያው ዋጣት። ይባስ ብሎ ጠበቀ። ሁለት ጣቶቼን በቀበቶውና በአንገቷ መካከል አስገባሁ። ፊቷ መቅላት ጀምሯል።

ታዲያ እኔ ቀበቶ መቁረጫ ነበረኝ! የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ ደማቅ ብርቱካናማ፣ አንድ ጫፉ ቀበቶ የሚቆርጥ፣ ሌላው ጫፉ መስታወት የሚሰብር። ያለው ግን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳዬ ውስጥ፣ በፋሻና በጓንት መካከል፣ ከድንችና ከሽንኩርቱ ሥር ነው። ሄጄ ላምጣው ብል ጣቶቼን ከአንገቷ ማውጣት አለብኝ። ጣቶቼን ካወጣሁ ቀበቶው ቦታቸውን ይይዛል።

ጮኽኩ። ከእግረኛ መንገዱ ላይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋ አንድ ወጣት ቢላውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። “ከአንገቷ አርቀህ፣ እዚህ ጋ፣ ከሚወጣበት ቦታ፣ ወደ ውጭ!” አልኩት። ሁለት ጊዜ ገዘገዘው፣ ተበጠሰ፣ ላላ። ልጅቷ ሳለች፣ ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች። የሚያለቅስ ልጅ የሚተነፍስ ልጅ መሆኑን ለብዙ እናቶች ስነግር ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁ “እናቴ፣ ይቀመጡ” ብሎ የራሱን ዱካ ሰጠኝ። እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደደረሰ ስጠይቀው፣ “ቢላዬ እኮ ጉልበቴ ላይ ነበር” አለኝ።

ይህ መልስ አንድ ሌላ ጥያቄ አስታወሰኝ። ነርስነት ስንማር በየጠዋቱ ዋርድ በር ላይ የምትቆም አስተማሪ ነበረችን። “ደህና አደርሽ” ሳትል በፊት “መቀስሽ የት ነው?” ትላለች። የፋሻ መቀስ ማለቷ ነው፤ የታችኛው ጫፉ ደንዘዝ ያለ፣ በጨርቅና በቆዳ መካከል ሲገባ ሰው የማይወጋው ዓይነት። ጋዋን ኪስ ውስጥ ካልሆነ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ወይም ጠረጴዛ ላይ ነው ብትሉ የላችሁም ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያ መቀስ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ ግን መቁረጫዬን ከድንች ሥር ቀበርኩት።

እግረ መንገዴን፣ አንገቱ የታነቀ ልጅ ቢያለቅስና ቢጫወትም ወደ ጤና ተቋም ወስዳችሁ አስመርምሩት። ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረው፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ አታሳድሩት። የእኛዋ አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ብቻ ቀርቶባት በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

ለመሆኑ ቀበቶው ምን ሆኖ ነው አልለቅም ያለው? ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። ጋራዥ ስንወስደው ባለሙያው ስቆ “ሲስተር፣ ይሄማ ሥራውን ነው የሠራው” አለኝና አሳየኝ። ቀበቶ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይመጣል፤ በድንገት ሲመነጨቅ ይቆልፋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በብዙ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ ያለው ቀበቶ ግን ሌላም ጠባይ አለው። እስከ መጨረሻው ተስቦ ከወጣ ጠባዩ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። ያ “ቀጭ ቀጭ” የሚለው ድምፅ እንደ ክሪክ ጥርስ በጥርስ እየያዘ ሲገባ ነው። ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ እስኪገባ ድረስ አይለቅም። የተሠራውም ለመልካም ነው፤ የሕፃን መቀመጫን ከወንበሩ ጋር አጥብቆ እንዲይዝ። በመካከሉ አንገት ካለ ግን ሙሉ በሙሉ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ አይለቅም።

የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይህንኑ አደጋ ለይቶ ለወላጆች ያስጠነቅቃል። ምክሩ ቀላል ነው። ልጅ እጁ የሚደርስበት፣ ሰው ያልተቀመጠበት ቀበቶ ካለ ባዶውን ወንበር እሰሩት፤ ከዚያ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳባችሁ በማውጣት እንዲቆልፍ አድርጉና ትርፉን ወደ ውስጥ መልሱት። ልጅ ብቻውን መኪና ውስጥ እንዲጫወትም አትፍቀዱ። በእኛ ግቢ መኪና ቆሞ ከዋለ የልጆች መጫወቻ ቤት ነው፤ የእናንተም ግቢ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም።

ዛሬ ማታ መኪናችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከኋላ ያሉትን ቀበቶዎች አንድ በአንድ እስከ መጨረሻ ስባችሁ ልቀቋቸው። “ቀጭ ቀጭ” የሚለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ነገሩ ከደረሰ ደግሞ፣ የጠመጠመው ቀበቶ ዘለበቱ የታሰረ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ያላላዋል። እንደኔ ጭንቅላቱን ወደ ቀዳዳው አታስጠጉ፤ አንድ እጅ ቀበቶውን ከሚገባበት በር ላይ ጨብጦ እንዳይገባ ይያዝ። ካልላላ ጊዜ አትፍጁ፤ ቁረጡት። የአንገት ደም ሥሮች በሁለቱም በኩል ከተጫኑ ሰው ራሱን የሚስተው በሰከንዶች ውስጥ ነው። አእምሮ ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ሳሪስ እስኪደርስ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ጠብ ልመለስ። ያን ምሽት ምራቴ የልጇን አንገት አይታ “ከእንግዲህ ልጄ ቀበቶ አትታሰርም፤ እኔ አቅፌ እይዛታለሁ” አለች። ልጄ ዝም አለ፤ ባለቤቴም ዝም አለ። እናት እንዲህ ስትል ለምን አልቆጣም፤ እኔም ያን ሰዓት ቀበቶ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ከሚያውቃቸው ነገሮች አንዱ በእቅፍ ላይ የነበረ ልጅ የሚደርስበት ነው። መኪና ሲጋጭ የእናት ክንድ ልጁን መያዝ አይችልም። ይባስ ብሎ የእናትየው ገላ ራሱ ልጁን ከፊት ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ አፌን አውጥቼ ነገርኳት፤ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ዛሬ ከትከሻ ወደ ወገብ የምናስረውን ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ለቮልቮ ኩባንያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ አድርጎታል። አንዲት ልጅ በቀበቶ ታነቀች ብሎ ቀበቶ መተው፣ አንድ ሰው ቆርጠም ሲያደርግ አነቀው ብሎ እንጀራ እንደመተው ነው። ከምራቴ ጋር የታረቅነው ልጅቷ በራሷ መቀመጫ፣ በራሷ ቀበቶ እንድትታሰር፣ የመሐሉ ቀበቶ ሁልጊዜ ተቆልፎ እንዲታሰር፣ መቁረጫ ደግሞ ከፊትም ከኋላም እንዲኖር ተስማምተን ነው። ሦስተኛው የእሷ ሐሳብ ነው።

የተቆረጠው ቀበቶ ራሱ ሌላ ጉዳይ ሆነ። “ይሰፋል” ያለን ሰው ነበር። ቀበቶ አይሰፋም፤ ከነመጠቅለያው ይለወጣል። ልጄ ሶማሌ ተራ ዞሮ የሚገጥም አገኘ። አሮጌውን ግን አላስጣልኩም። እሁድ ከሰዓት ቆራርጬ፣ አንዱን ጫፍ የግቢያችን የብረት በር ላይ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ ልጄን አስይዤ ቤተሰቡን ሁሉ አሠለጠንኩ። ጎረቤቶቻችን ምን ዓይነት ጨዋታ እንደጀመርን ሳይገርማቸው አልቀረም።

ከዚያች እሁድ የተማርነው ይህ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ይንሸራተታል፤ መገዝገዝ ይፈልጋል፤ ከሕፃን አንገት አጠገብ ደግሞ ቢላ መገዝገዝ ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ። የፋሻ መቀሴ ሠራ፤ ነገር ግን ቀበቶው አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ሦስት አራት ጊዜ መንከስ ነበረበት። ባለቤቴ ጣቶቹን ሪህ ስለያዘው መቀሱን ጨርሶ መጭመቅ አልቻለም። ያ ብርቱካናማው መቁረጫ ግን ምላጩ እንደ መንጠቆ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ቀበቶውን አፉ ውስጥ አስገብተህ ወደ ራስህ መሳብ ብቻ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ባለቤቴ በአንድ ስበት ቆረጠው። አያቶች፣ ለእኛ የሚሆነው መንጠቆ ያለው ነው። ምላጩ ስለተደበቀ ጣትም አይቆርጥም፣ የልጅ ቆዳም አይነካም።

አቆራረጡም ወግ አለው። ቀበቶው ላልቶ ከሆነ መንጠቆው ውስጥ ይጨማደድና እምቢ ይላል፤ ስለዚህ አንድ እጅ ወጥሮ ይያዘው። ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን ሰያፍ አድርጋችሁ በአንድ ፈጣን ስበት ቁረጡ። ለትልቅ ሰው የትከሻው ቀበቶ ትከሻ አካባቢ፣ የወገቡ ደግሞ ዳሌ አጠገብ ይቆረጣል፤ አንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ሰውየው ለምን አልወጣም እንዳትሉ። ባለ ሁለት ትከሻ ማሰሪያ የሕፃን መቀመጫ ከሆነ ሁለቱም ትከሻዎች ይቆረጣሉ። በተለማመዳችሁበት መቁረጫ አትተማመኑ፤ ምላጩ ይዶለዱማል። ለመለማመጃ አንድ፣ ለመኪናው ሌላ አዲስ ይኑር።

የት ይቀመጥ የሚለው ከሁሉ በላይ አከራከረን። ልጄ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው መሳቢያ ይሻላል አለ። “እሺ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ቀበቶህን እሰር፣ ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን አምጣው” አልኩት። ቀበቶው ወደ ኋላ ይዞት ጣቱ መሳቢያዋ ጋ አልደረሰም። ባለቤቴ በበሩ ኪስ አለ፤ መኪና ቢገለበጥ ከዚያ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበተናል፣ በሩም ሊጨማደድ ይችላል። ከቁልፍ ጋር ማንጠልጠልም ቁልፍ ለሚሰካ መኪና ጥሩ ነው፤ አሁን ግን ብዙ መኪና በቁልፍ መነሳት ትቷል። ዳሽቦርድ ላይ ልቅ አድርጎ መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በግጭት ጊዜ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። በመጨረሻ ከሾፌሩ ወንበር በስተቀኝ ጎን፣ ዳሌ አካባቢ፣ በሚጣበቅ ጨርቅ አጥብቀን አሰርነው። በቀኝ እጅም በግራ እጅም፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ቀበቶ ታስሮ ይደረሳል። ሁለተኛው ከፊት ወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው በሚደርስበት ላይ ነው። የዓይን ጨፍን ፈተናውን እናንተም ሞክሩት፤ መኪናው የእናንተ ባይሆንም። እኔ ወደ ጎረቤታችን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሾፌር ዘንድ ሄጄ “ልጄ፣ መቁረጫህ የት ነው?” ብዬዋለሁ። አልነበረውም፤ አሁን አለው።

ከዚህ በላይ የከበደኝ ምራቴ ያነሳችው ጥያቄ ነው። “ታዲያ አደጋ የደረሰበት መኪና ባገኝ ሮጬ ልቁረጥ?” አለችኝ። አይደለም። እዚህ ላይ የነርስነቴን ልናገር።

ሻምበል አበበ ቢቂላን ያላወቀ የለም፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማራቶን ያሸነፈ ጀግና ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ፤ ውስጡ እንደተጣበቀ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ነው የወጣው። መጀመሪያ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል፣ ከዚያም በእንግሊዝ አገር የአከርካሪ ጉዳት ወደሚታከምበት ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እጆቹ ተመለሱለት፤ በእግሩ ግን ዳግም አልሄደም። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ሬዲዮ ከበው ዝም ሲሉ ትዝ ይለኛል። ነርስ ሆኜ አከርካሪ የሚባለውን ስማር ያ ዝምታ ምን እንደነበር ገባኝ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት 15 ቀን፣ ገና በአርባ አንድ ዓመቱ አረፈ።

መቁረጫ ይህን ይከላከላል እያልኩ አይደለም። የማለው፣ በግጭት የተጎዳ ሰው አንገቱ ወይም ጀርባው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀበቶው ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ ይዞት ይሆናል። እሳት ከሌለ፣ ውኃ ከሌለ፣ ሰውየው የሚተነፍስ ከሆነ፣ ቀበቶውን ተዉት። ሞተሩን አጥፉ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጃችሁ እንዳለ ያዙ፣ አነጋግሩት፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደውሉ። የምትቆርጡት እሳት ወይም ውኃ ሲመጣ፣ አካባቢው ለሕይወት ሲያሰጋ፣ ቀበቶው ሲያንቀው ወይም መተንፈስ ሲያቅተው ነው። የተገለበጠ መኪና ውስጥ ቁልቁል የተንጠለጠለ ሰው ቀበቶው ሲቆረጥ በአናቱ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ትከሻውንና ጭንቅላቱን ደግፎ፣ ሌላው ይቁረጥ። ራሳችሁ ከሆናችሁ የተንጠለጠላችሁት፣ አንድ እጃችሁን ጣሪያው ላይ ተክላችሁ፣ እግራችሁን አጥብቃችሁ፣ ከዚያ ነው መቁረጥ።

ውኃን ካነሳሁ፣ እኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ያለን ሰዎች ክረምትን እናውቀዋለን። ትንሹ አቃቂ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዴት እንደሚሞላ፣ መንገዱ እንዴት ወንዝ እንደሚሆን የምታውቁት ነው። ሠላሳ ሳንቲሜትር የሚሆን ፈሳሽ ጎርፍ ትንሽ መኪና ማንሳፈፍ ይችላል፤ ስድሳ ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አትግቡበት። መኪናው ውኃ ውስጥ ቢገባስ? በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብረክት ሰዎች ያሉበትን መኪና ውኃ ውስጥ እየከተተ ይህን አጥንቷል። መኪና ወዲያው አይሰጥምም፤ ከሠላሳ ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይንሳፈፋል። ያችን ጊዜ ስልክ በመደወል አታጥፏት፤ በር ለመክፈትም አትታገሉ። ቅደም ተከተሉ ቀበቶ መፍታት፣ መስኮት መክፈት፣ ልጆችን ማስወጣት፣ መውጣት ነው። ከልጆች መጀመሪያ ቀበቶው የሚፈታው ትልቁ ነው፤ ራሱን ይረዳልና። መስኮቱ ካልወረደ ወይም ዘለበቱ ካልተፈታ ነው መቁረጫው የሚፈለገው፤ ከወንበሩ ሥር ለመፈለግ የምትተርፍ ሰከንድ የለችም።

መስታወቱን በተመለከተ አንድ ነገር አስጠንቅቄ ልለፍ። የፊተኛው መስታወት በመካከሉ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም፤ በእሱ አትልፉ። የጎኑ አብዛኛውን ጊዜ ተሰባብሮ የሚረግፈው ዓይነት ነው፤ ጥጉ ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አይመታም። ግን አሁን አሁን የጎኑንም ድርብ የሚያደርጉ መኪኖች አሉ። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት መስበሪያዎችን ሲሞክር አራቱ የሚረግፈውን መስታወት ሰበሩ፤ ድርቡን ግን አንዳቸውም አልበሱትም። በመዶሻ መልክ ከሚመታው ይልቅ ተጭነው የሚያስፈነጥሩት ባለ ሞላ ይሻላል ብሏል። የመስታወታችሁ ዓይነት ታችኛው ጥግ ላይ ተጽፏል፤ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ ነው፤ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ በሩም የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኃይል ሲጠፋ በእጅ የሚከፈትበት ማስለቀቂያ የት እንዳለ፣ በተለይ የኋለኛው፣ መኪናውን የሸጠላችሁ ሰው ሳያሳያችሁ አትሂዱ።

በሰኔ መጀመሪያ ለጫማ ሰፊው ጥሩ አዲስ ቢላ ገዝቼ ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ቢላውን አገላብጦ አይቶ “የኔው ይሻላል፣ እጄ ለምዶታል” ብሎ መለሰልኝ። ከአሮጌው ቀበቶ የተረፈ እንዳለ ግን ጠየቀኝ። የሜትር ያህል ቁራጭ ቤት ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣሁለት። አሁን ለዕቃ ሳጥኑ ማንገቻ አድርጎታል። ልጅቷ በዚያ ባለፍን ቁጥር ትጠቁመውና “ያ የኔ ቀበቶ ነው” ትላለች።